ሁለተኛዋ መንጠቆ

ጉርዱ አልዘጋ አለ።

ልጅቱ ትንፋሿን ዋጠች፣ ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበች፣ ጨርቁን ከዚህም ከዚያም ጎተተች። ጉርዱ ወይ ፍንክች። ባለፈው ሳምንት ስትለካው ልክክ ያለ ጉርድ ነበር፤ ዛሬ የሌላ ሰው ሆኖ ቁጭ አለ።

«ይሄ ጨርቅ ጠልቶኛል» አለችና አውልቃ ስፌት መኪናው ላይ ወረወረችው።

«ጨርቅ ሰው አይጠላም» አለች እናቷ፣ በከንፈሯ የያዘቻቸውን መርፌዎች ሳትጥል። እናትየው ልብስ ሰፊ ናት፤ የትምህርት ቤቱን ባንድ ልብስ የሰፋችውም እሷው ናት። «እጅሽስ ምን ሆኖ ነው በፋሻ የተጠቀለለው?»

ልጅቱ እጇን ከጀርባዋ ደበቀች። ነገሩ እንዲህ ነው። እሷ የባንዱ የትልቁ ከበሮ መቺ ናት፤ «ነጎድጓድ» ይሏታል። ጓደኛዋ ደግሞ «ጡሩንባ» ትባላለች። ጡሩንባ ስለምትነፋ ብቻ አይደለም፣ አፏም እንደዚያው ስለሆነ ነው። ትናንት ከልምምድ በፊት ነጎድጓድን ራሷን ወቀራት፣ ወገቧን ከፈላት፣ ሆዷ ተነፋ፣ እንባዋም ያለ ምክንያት መጣ። የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል ሁሌም እንዲሁ ነው።

«ይሄ ለቲቸር ይነገራል እንዴ? ለኔ ተይው» አለች ጡሩንባ። እጇን በፋሻ ጠቀለለችላትና ሄዳ «ቲቸር፣ እጇን ወለም ብሏታል» አለችው።

የባንዱ አስተማሪ ደነገጠ። «እጅ ቀልድ አይደለም። እንግዲያው በትምህርት ቤቱ በዓል ሰልፍ ላይ ከበሮውን ሌላ ሰው ይምታ።» ለአንድ ቀን የተዋሸች ውሸት ሰልፉን ውጣ አረፈች።

ልጅቱ ይህን ሁሉ እያለቀሰች ዘረገፈችው። እናቷ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አውጥታ የመርፌ ትራሷ ላይ ሰካች። ከዚያ ጉርዱን አነሳች።

«ወገቡ ላይ ስንት መንጠቆ አለ?»

«ሁለት።»

«ታዲያ ሁለተኛዋን ለምን አልሞከርሽም?»

«መጠባበቂያ አይደለች እንዴ? አንደኛዋ ብትነቀል ብዬ…»

እናቷ እስክታነባ ሳቀች። ይህችው ልጅ ናት እዚያው የስፌት ጠረጴዛ ሥር ያደገችው፣ መንጠቆ መስፋት የጀመረችው፣ ያቺን ሁለተኛዋን በስንት ሴት ጉርድ ላይ በገዛ እጇ የተከለቻት።

«የኔ እመቤት፣ ወገቡን ሰፋ አድርጋ የምትዘጋው ሁለተኛዋ ለነዚህ ቀኖች ናት። ወገቧ የሚያብጥባት ሴት ብዙ ናት። ደንበኞቼ ለምን ሁለት ሆነ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።» ልጇን ከአጠገቧ አስቀመጠቻት። «ትናንት ምን በላሽ?»

«ቺፕስ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ቺፕስ።»

«እንቅልፍስ?»

ልጅቱ ስልኳን በቂጧ ሸፈነችው።

«እኔም ወጣት ሳለሁ እንዲሁ ነበርኩ፤ ቁርሴ ቡና ብቻ፣ ያመመኝ ቀን አልጋዬ ላይ ጥቅልል። ኋላ አንዲት ሐኪም መከረችኝ። ጨው ሲበዛ ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ እንቅልፍ ሲጎድል ንዴቱ ይብሳል፣ መንቀሳቀስ ለብዙዎች ያቀልላል አለችኝ። ሁሉም ሴት ግን በአንድ ልክ አይሰፋላትም አለች። ይሄን አባባሏን ወደድኩት።»

«ታዲያ ይጠፋል?»

«ይቀላል አልኩ እንጂ ይጠፋል መቼ አልኩ? ካልቀለለና ከትምህርት የሚያስቀርሽ ከሆነ ደግሞ ሐኪሟ ዘንድ እንሄዳለን። የሴት ነገር ነው ተብሎ ዝም አይባልም። አሁን ተነሺ፣ ይሄን የደንበኛ ልብስ አብረን እናድርስ።»

እያጉረመረመች ወጣች። ዳገቱን ሲወጡ ሁለት ጊዜ ልመለስ አለች። ሲመለሱ ግን ወገቧ ትንሽ ላላ ብሎ ነበር፤ ብዙ አይደለም፣ ትንሽ። ስልኳን መሳቢያው ውስጥ ከተተችና በጊዜ ተኛች። ጠዋት ራስ ምታቱ አልጠፋም፤ ገራም ሆኖ ነበር እንጂ። ፋሻውን ጠቀለለች፤ ጉርዷን በሁለተኛዋ መንጠቆ ዘጋች፤ ልክክ አለ።

የዕለቱ ልምምድ በሙሉ ልብስ ነበር። ጡሩንባ የባንዱ ክፍል በር ላይ ጠበቀቻት።

«ስሚ፣ ጨርሼዋለሁ። በረዶ ያዝኩበትና ዳነ በይው። በቃ፣ ይበላል።»

ከውስጥ የተተኪው ከበሮ ይሰማል፤ እንደ ደከመ ሰው እግር አንዱን ምት እየጣለ። ነጎድጓድን ጣቶቿን በላት። ፋሻውን ዙር በዙር ፈታችና ለጓደኛዋ ሰጠቻት።

«ምን ልትይው ነው?»

«እጄ ደህና ነው ልለው ነው። ያመመኝ የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል የሚሰማኝ ሕመም ነው ልለው ነው።»

«በወንዶቹ ፊት? ሙድ ይይዙብሻል እኮ።»

«ይያዙ። እናቴ ለከተማው ሴት ሁሉ ስትሰፋለት የኖረችውን ነገር እኔ ለምን አፍርበታለሁ?»

«ከበሮውን ባይመልስልሽስ?»

ይህንን መንገዱን ሙሉ ስታስበው ነበር የመጣችው። «እሱን ገብቼ አየዋለሁ» አለች።

ጡሩንባ ክንዷን ያዘቻት። «ቆይ እንጂ» አለች፣ «ውሸቱን ያወራሁት እኔ ነኝ። አብረን እንገባለን።» ፋሻውን ኪሷ ከተተችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ግን… እናትሽ ለኔም ያቺን ሁለተኛዋን ታደርግልኛለች?»

«ያንቺም አላት። ራሴ ነኝ የሰፋኋት።»

ጡሩንባ እጇን ወደ ወገቧ ሰደደች፣ ዳበሰች፣ አገኘቻት።

ነጎድጓድ ወገቧን ቀጥ አድርጋ በሩን አንኳኳች። ያን ጊዜ ከውስጥ ያለው ከበሮ አንድ ምት ዘለለ፤ የእሷ ማንኳኳት ግን ምቱን አልሳተም።