መረቅ ላይ የፈሰሰው ወይን

በኢጣሊያ ኤሚሊያ አውራጃ የወይን እርሻ ያለው ኤውዜቢዮ ምሳ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞቶ ሲገኝ፣ ፖሊሶቹ ቀድመው ካቴና ያስገቡት ወጥ ሠሪዋን ኢማኮላታን ነው። የወይን ተባይ መድኃኒት እሷ በሠራችው መረቅ ውስጥ ተገኘ፤ በቃ። የቤቱን ሰዎች ግን ደፍሮ የጠየቀ የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። መርማሪዋ ኦፌሊያ ሶንቺኒም የደረሰችው ተናዳ ነበር።

«ፍቱላት፤ የትም አትሄድም» አለች ገና ከበሩ።

ጠረጴዛውን አየች። ሳህኑ እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ መረቁ ቀልቷል፤ ማንኪያው ደረቅ ነው። ሟቹ ከአገሩ ከፒየሞንቴ የሚያስመጣው የባርቤራ ወይን ጠርሙስ ተከፍቷል፤ ብርጭቆው ግን ታጥቦ ተደፍቷል።

«ምን አቀረብሽለት?»

«ንጹሕ መረቅ፣ ከማንኪያ ጋር። ወይኑን ራሱ ቀድቶ ነበር። ለዶሮዎቹ ጥሬ በትኜ ስመለስ ሞቷል። እኔ ከታሰርኩ ልጆቼን ማን ያበላልኛል?»

ኦፌሊያ በእንግድነት ወደመጣው የሟቹ ወንድም ወደ ሴኮንዶ ዞረች። «ወንድምዎ መረቅ ውስጥ ወይን ይጨምር ነበር?»

ሴኮንዶ ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ የእናንተ የኤሚሊያ ሰዎች ጉድ ነው። ሰው ሲያደርገው ካየ ከገበታ ይነሳ ነበር።»

«ጉድ ያልከው የአባቴን ምሳ ነው» አለ አልቺዴ። የኤውዜቢዮ ሟች ሚስት ወንድም ነው፤ እርሻው በእሷ ሞት ለባልየው አልፏል። «የአገራችንን ወይን፣ ላምብሩስኮን፣ የሕፃን ለስላሳ እያለ ሲሳደብ ኖረ። ቀዝቀዝ አድርገህ ከሰባ የሳላሜ ቋሊማ ጋር ዝም ብለህ የምትጠጣውን ወይን፣ እሱ እንደ ሽቶ እያሸተተ ያንቋሽሸዋል። ዘንድሮ ደግሞ የወይን ግንዱን ሁሉ ነቅሎ ውድ ወይን ሊተክል ነበር።»

«ዛሬ ወጥ ቤት ገብተዋል?»

«ከጠዋት ጀምሮ የወይን እርሻው መሀል ነኝ።»

ኦፌሊያ ሁሉንም በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ማንኪያው ደረቅ፣ ሳህኑ ሙሉ። ስለዚህ የገደለው መረቁ አይደለም፤ የታጠበው ብርጭቆ ነው። ገዳዩ የተረፈውን ወይን መረቁ ላይ ገልብጦ ነገሩን በወጥ ሠሪዋ አላከከ። ኢማኮላታ ብትገድለው ኖሮ መርዙን ወደ ራሷ መረቅ አታመጣም ነበር። ሴኮንዶም ወንድሙ ቀይ መረቅ ሞቶ እንደማይቀምስ ያውቃል፤ ብርጭቆ በእጁ ይዞ መረቅ ሲያይ ማፍሰስ አይመጣለትም። አንተም ታውቅ ነበር፣ አልቺዴ። ግን ከልጅነትህ የለመደ እጅህ ሐሳብህን ቀደመው።»

አልቺዴ በቁጣ ተናገረ።

«ታዲያ የተረፈ ወይን የት ነው የሚፈሰው? የአባቴን ግንድ ሊነቅል ነበር፤ አንጀቴ አረረ።»

ኢማኮላታ ተነሳች። ካቴናው ያቀላውን እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

«አንተንም ከዚያው ድስት ነው ሳበላህ የኖርኩት። ግንድህ እንዳይነቀል ብለህ እኔን ከልጆቼ ልትነቅለኝ?»

አልቺዴ ፊቱን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ወይን እርሻው አዞረ።

«ወደዚያ አትይ» አለችው። «እኔን እየኝ።»