አምስት ሰዓት ከጆሃንስበርግ

ፊልሞን ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ ካላለቀ ፎቅ ሥር ወድቆ፣ ሞቶ ሲገኝ ገና መንጋቱ ነበር። የሸሚዙ ቁልፎች ተበጥሰዋል፤ ከመውደቁ በፊት ሰው ይዞት ነበር ማለት ነው። ሰፈርተኛው ሁሉ የሕንፃውን ጥበቃ ግዛቸውን ጠረጠረና እጁ ካቴና ገባ። ደሃ መቼም ለካቴና ቅርብ ነው።

ኢንስፔክተር ደብሪቱ ግን ቃሉን ሳትሰማ መፍረድ አትወድም። «ምን ሰማህ?» አለችው።

«ሁለት ወንዶች ላይ ፎቅ ሲነታረኩ። አንደኛው እያለቀሰ ‹ለእማዬ እንዳትነግራት› ይላል። ከዚያ ዱብ አለ! ስደርስ ሌላው ጠፍቷል። ማን ያምነኛል?»

«እስቲ እኔ ልሞክር።»

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ለቅሶው ድንኳን ሄደች። የሟች ሚስት፣ ሳያት የምትባለው፣ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት። «ሊነጋ ሲል ተደውሎለት ወጣ፤ ማን እንደሆነ አልነገረኝም» አለቻት።

የሟች እናት እማማ ደስታነሽ አንድ መጽናኛ ነበራቸው። በሞያሌ በኩል በየብስ ወጥቶ ጆሃንስበርግ የሚኖረው ታናሽየው ልጃቸው እዮኤል አጠገባቸው ተቀምጧል። «ጠዋት ሁለት ሰዓት በዋትስአፕ ደወልንለት፤ ይኸው አሁን ከተፍ አለ። ጌታ አንዱን ቢወስድ አንዱን አመጣልኝ» አሉ።

«በረራው እንዴት ነበር?» አለችው ደብሪቱ።

«አምስት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከጆሃንስበርግ በቀጥታ ሐዋሳ።»

ደብሪቱ ስልኳን አውጥታ ርቀቱን ፈለገች፤ የእዮኤልን ጫማም አየች። ዝም ብትል ግዛቸው ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳል፤ ብትናገር እኚህ እናት ባዶ ቤት ይቀራሉ። ቢሆንም ግዛቸውን ድንኳኑ ድረስ አስመጣችውና ሁሉም በተሰበሰቡበት ተናገረች።

«ስልኬ ላይ ስፈልግ ርቀቱ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የበረራው ጊዜም አምስት ሰዓት ይላል። ልክ ነው፤ ለአሞራ። ቀጥታ አውሮፕላን ግን የለም። አዲስ አበባ ወርዶ፣ ፓስፖርት አስመትቶ፣ ሌላ አውሮፕላን መጠበቅ አለ። የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያማርረው ያንን ነው። እዮኤል አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም፤ እንደ ብዙዎቹ ልጆቻችን በሞያሌ በኩል በየብስ ነው የሄደው። ጫማውንም እዩት፤ የእርሻ ጭቃ ደርቆበታል። ግዛቸው ደግሞ ‹እማዬ› ሲባል ሰምቷል። እማማ ደስታነሽን ‹እማዬ› የሚሉ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሞቷል።»

እዮኤል እግሩን ወንበሩ ሥር ሸሸገ። «ሱቄን ዘረፉኝ፤ ባዶ እጄን ተመለስኩ። አፍሬ ሁለት ወር ቱላ እርሻ እየሠራሁ ተደበቅኩ። ወንድሜ ደረሰብኝና ዛሬ ለእማዬ እነግራታለሁ አለ። እንዲተወኝ ልለምነው ነበር የጠራሁት። ያዝኩት፣ ታገለኝ፣ አመለጠኝ... ልገድለው አስቤ አልነበረም።»

ካቴናው ከግዛቸው እጅ ወጥቶ እዮኤል እጅ ላይ ገባ። ነፃ የወጣው ሰውዬ ደስታውን ማሳየት አፍሮ አንገቱን ደፋ።

እማማ ደስታነሽ የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት።

«ቱላ?» አሉት። «ቱላ እኮ ከዚህ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ ልጄ።»