ፌርማታው ላይ እጠብቅሻለሁ

የኳየሩ አሰልጣኝ ሲላስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቡራዩ በሚገኘው ቸርች የመለማመጃ አዳራሽ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በማይክ ማቆሚያ ብረት ከኋላው ተመትቷል።

ኢንስፔክተር ውብአየሁ ሲደርስ ሰው ሁሉ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቀው። ሲላስ የፋሲካውን ሶሎ ከኳየሩ ዘማሪት ከጣቢታ ወስዶ ለሌላዋ ዘማሪት ለማርቲ በመስጠቱ ጣቢታ ትናንት ተጣልታዋለች። አሁን በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ጠልተሽው ነበር?»

«ተናድጄበት ነበር እንጂ፤ ኖታ ያስተማረኝ እኮ እሱ ነው።»

ውብአየሁ ኪቦርዱ ላይ የተቀመጠውን ወረቀት አነሳ። ከአንዲት ኖታ በላይ፣ ነጥብ ያቀፈች ትንሽ ቅስት በቀይ ተከብባለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፌርማታ። ኖታ ላይ ከሆነ ድምፁን፣ ዕረፍት ላይ ከሆነ ዝምታውን እናቆያለን። ቆጠራ የለም፤ እሱ እጁን እስኪያወርድ ነው። ሶሎ የምትዘምረዋ ግን እንደ ትንፋሿ ትሄዳለች፣ እሱ ይጠብቃታል። መጀመሪያ ሲነግረን የታክሲ መስሎን ስቀን ነበር።»

ውብአየሁ አልሳቀም። የማርቲን ስልክ ተቀብሎ ትናንት ማታ ከሲላስ የገባላትን መልእክት አነበበ፦ «ነገ ፌርማታው ላይ እጠብቅሻለሁ። አትፍሪ።»

«ስልክሽን ሌላ ሰው ይከፍተዋል?»

«ከባለቤቴ በቀር ማንም።»

ባለቤቷ ባርናባስ ብሎኬት ማምረቻ ነው የሚሠራው። «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ገብቻለሁ» አለ፣ ሳይጠየቅ።

ውብአየሁ ወደ ታክሲ ፌርማታው ወረደ። ተራ አስከባሪው ቦጂያ «አካም ቡልተን፣ ኦቦ» ብሎ በኦሮምኛ የማለዳ ሰላምታ ተቀበለው። «ባርናባስ? ከአሥራ ሁለት ጀምሮ እዚሁ ቆሞ ነበር። ግባ ስለው እምቢ እያለ ሰባት መኪና አሳለፈ። ከዚያ በቸርቹ መንገድ ሄደ።»

ውብአየሁ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበ።

«ባርናባስ፣ ዋሽተኸኛል። የማይሳፈር ሰው ፌርማታ የሚቆመው ሰው ሲጠብቅ ነው። መልእክቱን አንብበህ ልትይዛቸው ወጣህ። ሲላስ ሳይመጣ ሲቀር ቦታ የቀየሩ መሰለህና እዚህ መጣህ። ጣቢታ ቃሉን ታውቀዋለች፤ ይሄን ፌርማታ መንገድ ዳር የሚፈልገው ኖታ የማያውቅ ሰው ነው።»

ባርናባስ አልካደም። «ታዲያ የት ነበር የሚጠብቃት?» አለ።

ማርቲ ወረቀቱን አምጥታ ቅስቷን አሳየችው። «እዚህ ጋ። ትንፋሼ አጭር ነው፤ እስክጨርስ አብሮኝ ሊቆይ ነበር።»

ባርናባስ ቅስቷን በጣቱ ነካት። ውብአየሁ ካቴናውን እንደያዘ ቆመ፤ የዚያን ቀን ሥራውን ጠላው።

«ምን ነበር ብትጠይቀኝ?» አለች ማርቲ። «አንዴ፣ አንዴ ብቻ ብትጠይቀኝ ምን ነበር?»