ሰማያዊ ጃኬት የለበሰው ሰው

«ቀረብ ብለሽ እያቸው። አይዞሽ፣ አይነኩሽም» አለች ሳጅን ሙላቷ።

የሳሊሃ እግር ግን አልታዘዝ አለ። በፖሊስ ጣቢያው ግቢ፣ ከግንቡ ሥር አምስት ወንዶች ተሰልፈዋል። ሁሉም ሰማያዊ ጃኬት ለብሰዋል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ከመናኸሪያና ከገበያ እየተለቀሙ የመጡ ናቸው፤ ያስለቀመቻቸውም እሷ ናት።

ትናንት ከሰዓት አባቷ አቶ ሙነወር ለሶላት ወደ መስጊድ ሲሄዱ የልብስ ሱቁን ለእሷ ትተውላት ነበር። ድንገት መብራት ጠፋ። ከጓዳ በኩል አንድ ነገር ኮሽ አለ። ሳሊሃ ገብታ ለማየት አልደፈረችም፤ ከባንኮኒው ሥር ያለውን ቁልፍ ተጫነችው። በባትሪ የሚሠራው ሳይረን ሰፈሩን አናወጠው፤ ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ከረቸመ። ፖሊሶቹ እስኪደርሱ አጮልቃ ስታይ፣ ለካ አንድ ካርቶን ከመደርደሪያው ወድቆ ነው።

እውነቱን ብትናገር ኖሮ እዚያው ላይ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ሳይረኑ ከዚህ በፊትም በከንቱ ጮኾ ያውቃል፤ አንዴ በድመት፣ አንዴ ደግሞ በታናሽ ወንድሟ ጣት። ያን ጊዜ ሳጅን ሙላቷ ቆጣ ብላ ነበር። «አቶ ሙነወር፣ እኛ እዚህ በከንቱ ስንሮጥ ሌባው ሌላ ቦታ ይዘርፋል። ከእንግዲህ ከተደገመ እናስነቅለዋለን» ብላለች።

ሳይረኑ ከተነቀለ አባቷ እንደ ድሮው ሱቁ ውስጥ ማደር ይጀምራሉ። አምና እዚያ ሲያድሩ ነው ሌቦች ገብተው ራሳቸውን የፈነከቷቸው። ሳሊሃ ሆስፒታል ስትገባ ፊታቸው አብጦ፣ አባቷ መሆናቸውን መለየት አቅቷት ነበር። ያን ዳግም ከማየት ሌላው ሁሉ ይሻላል።

ስለዚህ ዋሸች። «ሰው አይቻለሁ» አለች።

«ምን ለብሷል?»

ዓይኗ ፊት ለፊቷ ከተሰቀለው ልብስ ላይ አረፈ። «ሰማያዊ ጃኬት።»

ያንን ጃኬት አባቷ ክረምቱን ሙሉ ለስንቱ የማርቆስ ከተማ ሰው ሲሸጡት እንደከረሙ ትዝ ያላት አልጋዋ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው። እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም። ጠዋት የተያዙትን እንድትለይ ጣቢያ ስትጠራ፣ ክፍል ውስጥ ለጓደኛዋ ለትንቢት ብቻ ተነፈሰች።

«ኧረ አታካብጂ!» አለቻት ትንቢት። «‹ከነዚህ ውስጥ የለም› ትያለሽ፣ ላሽ ትያለሽ። በቃ!»

አሁን ያንኑ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከሰልፉ ጫፍ የቆመው ሰው ቀደማት። ከንፈሩ ደርቋል፤ እዚሁ ያደረ ይመስላል።

«እኔን እኮ ታውቂኛለሽ። አንለይ ነኝ፣ ተሸካሚው። ከቁይ የመጣሁ ሰሞን ብርዱ ሲገለኝ ጃኬቱን የገዛሁት ከናንተው ሱቅ አይደለም እንዴ? አንቺው ነሽ አጣጥፈሽ የሰጠሽኝ።»

«ዝም በል አንተ!» አለች ሳጅን ሙላቷ።

ሳሊሃ አስታወሰችው። «የለም» አለች ቶሎ ብላ። «ከነዚህ ውስጥ የለም።»

ከኋላዋ ቆመው የነበሩት አባቷ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተነፈሱ። እሷም ቀለል አላት።

ሳጅን ሙላቷ ሰዎቹን ካሰናበተች በኋላ በር ላይ ወደቆመው ወጣት ፖሊስ ዞረች። «እንግዲያው ሰውየው ገና አልተያዘም። በአማኑኤል መንገድ ፍተሻ ይጀመር። ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ ሁሉ ይምጣ። የሚሮጥ ካለ እሱ ነው፤ እንዳታስመልጡት!»

ፖሊሱ ክላሹን አነገተ። ደንግጦ የሚሮጥ ሰው እንደማይጠፋ ሳሊሃ ታወቃት። ራሷም ብትሆን ትሮጥ ነበር።

አንለይ በሩ ጋ ሲደርስ ጃኬቱን አወለቀ። ጠቅልሎ በብብቱ ሸጎጠውና በስስ ሸሚዝ ወደ ብርዱ ወጣ።

«ጎበዝ ልጄ» አሉ አባቷ እጇን ይዘው። «እንኳንም ሳይረኑ ኖረልን። በይ እንሂድ።»

ሳሊሃ እጇን ቀስ ብላ ከእጃቸው አወጣች። ወደ ሳጅኗ ተመለሰች።

«ሳጅን፣ እባክዎ ፖሊሱን ይጥሩት። ማንንም አላየሁም። ዋሽቼ ነው።»

ሳጅን ሙላቷ አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ እጇን አንስታ ፖሊሱን «ቆይ!» አለችው። ፖሊሱ ከበሩ መለስ አለ።

«ሳይረኑ እንደሚነቀል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አለች ሳሊሃ። ወደ አባቷ ግን ገና አልዞረችም።