ሰው የሌለበት ቤት

«ያቺን ካርቶን ከታች አታድርጊያት፣ ትሰባበራለች!» አለ ፈርገስ ከቫኑ ውስጥ።

ኢሽቤል ካርቶኑን አቀበለችውና አፍጥጣ አየችው። ፈርገስ የአባቷ አብሮ አደግ፣ የግሪኖክ ከተማ ቤት ደላላ ነው። አባቷ ከመርከብ ፋብሪካው ተቀንሶ የቤቱን የባንክ ዕዳ መክፈል ካቃተው ወዲህ ደግሞ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ባይ ሆኗል። ካርቶኑን ያመጣው እሱ፣ ቫኑም የእሱ፣ ምክሩም የእሱ። «በፈቃድህ ለባንኩ አስረክብ፤ ከክስም ከሐሜትም ትድናለህ» ብሎ ነው አባቷን ያሳመነው። ዛሬ አያቷ ቤት ሊገቡ ነው።

ደግ ሰው ነው እንበል። ታዲያ ደግ ሰው የሳሎኑን ግድግዳ በጣቱ እያንኳኳ እርጥበት የሚፈልገው ለምንድን ነው? ጣሪያውን ሽቅብ እያየ ለብቻው ፈገግ የሚለውስ? ኢሽቤልን ከጠዋት ጀምሮ ነገሩ አላማራትም።

የፈርገስ ስልክ ጮኸ። ከቫኑ ኋላ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እሷም ጆሮዋን አቆመች።

«አታስብ፣ እስከ ማታ ባዶ ይሆናል። አይ፣ ሰው ካለበትማ ባንኩ ዝም ብሎ መረከብ አይችልም፣ ዳኛ ፊት መቅረቡ ነው። ርካሽ ነው ስልህ! አንተ ብቻ ገንዘቡን አዘጋጅ።»

ወደ ቤት ሮጠች። አባቷ አርኪ ወጥ ቤት ውስጥ ብዕር ይዞ ቆሟል።

«አባዬ፣ ፈረምክ እንዴ?»

«ልፈርም ነው።»

«ምን ብለህ?»

«በፈቃዴ እንደለቀቅኩ። ቤቱ ውስጥም የሚኖር ሰው እንደሌለ።»

«እኔስ? ድመት ነኝ?»

«ማታ እኮ እንወጣለን፣ ኢሽዬ።»

«ገና አልወጣንማ!» አለችና የሰማችውን ሁሉ ነገረችው።

«ፈርገስ? ተይ እንጂ፣ አብሮ አደጌ ነው» አለ። ዓይኗን ግን አላያትም።

በቀደም ትምህርት ቤት አንዲት ጠበቃ ስለ ሕግ ልታስረዳቸው መጥታ ነበር። ኢሽቤል ግማሹን አንቀላፍታበታለች። አንድ ነገር ግን አልረሳችም፤ ዳኛው ቤት ከማስለቀቁ በፊት ይጠይቃል። ባንኩ ለመስማማት ሞክሯል ወይ? ባለቤቱ ከእንግዲህ መክፈል ይችላል ወይ? ልጆቹስ የት ሊገቡ ነው?

«አውቶቡስ ጋራዥ ሥራ አግኝተሃል አይደል? ለዳኛው ንገረዋ!»

«ፍርድ ቤት ስም የሚጠራው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሂዩ! አብረን ኳስ ስንጫወት ያደግነው ሂዩ። በሱ አፍ ልጠራ?» ፊቱ ቀላ። «አፍራለሁ፣ ልጄ።»

በሂዩ ምክንያት ቤት ይለቀቃል? ተናደደች። ከዚያ ቀና ብላ አየችውና ቁጣዋ በረደ።

«እኔም አፍራለሁ» አለች። «ካያቴ ሶፋ ላይ ተነስቼ ትምህርት ቤት ስሄድ አፍራለሁ።»

ፈርገስ በሩን ከፍቶ ገባ። «በሉ እንጂ! አርኪ፣ ፈረምክ? አንቺ ቆንጂት፣ ኮትሽን ልበሺ።»

«ጋሽ ፈርገስ፣ ቤታችንን የሚገዛው ማነው?»

ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «የምን ገዢ?»

«በስልክ ርካሽ ነው ሲሉት የነበረው።»

«እሱ የሌላ ቤት ወሬ ነው። ልጅ ነሽ፣ አይገባሽም።»

ኢሽቤል ከጠዋት ጀምሮ በሚጥለው ካፊያ የራሰ ጫማዋን አውልቃ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «እኔ የትም አልሄድም።»

አርኪ እሷን አየ፣ ፈርገስን አየ። ከዚያ ብዕሩን ከደነው።

«ፈርገስ፣ ዕቃችንን እናውርድ።»

«አብደሃል? ከተማው ሁሉ ነው መሳቂያ የሚያደርግህ!»

«ይሳቅ።»

ፈርገስ ሊያግዛቸው እንኳ አልሞከረም፤ ቫኑ ውስጥ ተቀምጦ መሪውን በጣቱ እየመታ ጠበቃቸው። ካፊያው አላቆመም። ከመንገዱ ማዶ መጋረጃ ገለጥ አለ። ሌላ ቀን ቢሆን አርኪ አንገቱን ደፍቶ ይገባ ነበር። አሁን ግን ካርቶን እንደታቀፈ ለጎረቤቶቹ በአገጩ ሰላምታ ሰጣቸው።

ቫኑ ሲሄድ ኮሪደሩ መተላለፊያ አልነበረውም። አባቷ ቁና ቁና እየተነፈሰ ካርቶኖቹን አያቸው።

«ኢሽዬ፣ ያን ጥቁር ኮቴን የትኛው ውስጥ ነው የከተትሽው?»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ሂዩ ስሜን ሲጠራ ደህና ልብስ ለብሼ ልነሳ።»

የትኛው ውስጥ እንዳለ እሷም አታስታውስም። ቅርብ ያለውን ካርቶን ሳበችና መፍታት ጀመረች።