የዶክተር ኡበይደላ የመጨረሻ ድንጋይ

ዶክተር ኡበይደላ መርሳ ባለው ቤታቸው፣ አዲስ በታተመው የዳናክል ካርታቸው ላይ ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ሠላሳ ዓመት በረሃ የለኩ፣ ፀሐይ ራሷ ጥላ ስትፈልግ እሳቸው ድንጋይ ሲፈልጉ የዋሉ የሥነ ምድር ሊቅ ነበሩ። በቀኝ እጃቸው ጥቁር ድንጋይ ጨብጠዋል፤ በግራቸው የምሳ ሳህን አለ። ምሳውን ያቀረቡት ሚስታቸው አሲያ፣ እጃቸው በካቴና ታስሮ ወደ ወልድያ የሚወስዳቸውን መኪና ይጠብቃሉ።

ኢንስፔክተር ሮማን ደረሰች። ሳልጨምር ነው የምነግራችሁ፤ ከውርጌሳ እስከ ወልድያ የተሰረቀ ዶሮ እንኳ ስሟን ሲሰማ በገዛ እግሩ ይመለሳል!

«መርዙ ከምሳው ነው። ያቀረበውን ሰው ጠይቁ» አለ ለፖሊስ የደወለው ኢዘዲን፣ ሟቹን ሃያ ዓመት ያገለገለ ሾፌር።

ሳህኑ ተልሶ ጸድቷል። አፏ በወጥ የቀላ ድመት መስኮቱ ላይ ተንጋላ ፀሐይ ትሞቃለች።

«እትየ አሲያ፣ ዶክተር ከምሳ በኋላ ምን ያደርጉ ነበር?» አለች ሮማን።

«ድንጋይ ይልሱ ነበራ! ሲረጥብ ቀለሙ ይወጣል ይላሉ። ወላሂ፣ ከእኔ ጉንጭ ይልቅ ድንጋይ ነው የሳሙት!»

«ኢዘዲንም ያው ነው» አለ የዶክተሩ ተማሪ ብሩክ። «የመንገድ ጠጠር እንኳ ሳይልስ አያልፍም።»

ሮማን ወጣ ብላ ተመለሰች። ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሁሉንም ሳሎን ካርታው ዙሪያ ሰብስባ ለብሩክና ለኢዘዲን አንዳንድ ጥቁር ድንጋይ ሰጠች።

«በሟቹ እጅ የነበረው ከሁለቱ አንዱ ነው። ምን ዓይነት ድንጋይ ነው?»

ብሩክ ላስ አደረገና «ባዝልት» አለ። ኢዘዲን ግን ከጠርሙስ ውሃ አፈሰሰበት።

«ምላስህን ምን ነካው?» አለችው ሮማን።

«ደርቆብኝ ነው።»

«ፈርቶ ነው እንጂ! ድመቷ ምሳውን በልታ ደህና ናት፤ ስለዚህ መርዙ ምሳው ውስጥ አልነበረም። ከምሳው ሌላ ዶክተር አፍ የደረሰ ነገር ድንጋዩ ብቻ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ብሩክ ስላላወቀ ላሰ። አንተ ‹ምሳው ነው› እያልክ ድንጋዩን ለምን ፈራህ? ደግሞም ሁለቱንም ከግቢው ነው ያነሳኋቸው፤ እውነተኛው ታሽጎ መኪናዬ ውስጥ ነው።»

ኢዘዲን ካርታውን በጡጫ መታው።

«ውሃ ጥም ሊጨርሰን ሲል ምንጩን ያገኘሁት እኔ ነኝ! ‹በስምህ እጠራዋለሁ› ብሎ ማለልኝ። እዩት፣ ‹የኡበይደላ ምንጭ› ይላል። ከዳኝ!»

አሲያ ካቴናው ተፈታላቸው። አንጓቸውን እያሻሹ ፊቱ ቆሙ።

«እሳቸው ከዱህ እንበል። ሃያ ዓመት ከአንድ ትሪ በልተን፣ ‹ያቀረበውን ጠይቁ› ስትል ዓይን ዓይኔን ነበር የምታየኝ። እኔ የትኛውን ምንጭ ወሰድኩብህ?»