የታጠበው ማጣሪያ

ጋሽ ትሪሞኖ በጓሮ ኩሬያቸው ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። በዙሪያቸው ዓሦቻቸው ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል። የኢንዶኔዥያዋ ብሊታር ከተማ ሙቀት ሽታውን እስከ መንገዱ አድርሶታል። ኢንስፔክተር ዊናርሲህ አፍንጫዋን በመሐረብ ሸፍና ገባች። በልጅነቷ ዓሣ መመገብ ያስተማሯት እኚህ ሰው ነበሩ።

የሰፈሩ ፖሊስ ሚስትየውን፣ እትዬ ሱላስትሪን፣ ሊወስዳቸው ቆሟል። ትናንት «ከዓሣህ ጋር ሙት!» ብለው ሲጮሁ ጎረቤት ሰምቷል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስለው ኖሬያለሁ» አሉ እትዬ። «መች ሰምቶኝ ያውቃል?»

የኩሬ ውሃ ማጣሪያ ሻጩ ሄንግኪ ላቡን ጠረገ። «ዘመናዊውን ዝግ የበርሜል ማጣሪያ ውሰዱ ብላቸው፣ የድሮው የብሩሽና የጠጠር ማጣሪያ ይሻለኛል አሉ። በዚህ ሰው ይገደላል እንዴ?»

የወንድማቸው ልጅ ባጉስ በረንዳው ላይ የተጠበሰ ዓሣ ይበላል። ኩሬው ተደፍኖ የሞተር ሳይክል መጠገኛ እንዲሆንለት ሲጨቃጨቅ መክረሙን ሰፈሩ ያውቃል። ዊናርሲህ ወደ እሱ ቀረበች።

«በዚህ ሽታ ይበላልሃል?»

«ራበኝ፣ ምን ላድርግ! ጋሼ ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃ ሲያጥቡ አይቻቸዋለሁ። አዳልጧቸው ነው።»

ወደ ማጣሪያው ሣጥን ሄደች። ብሩሾቹ ነጭ ናቸው፤ ክሎሪን ክሎሪን ይሸታሉ። እጅጌዋን ሰብስባ እጇን እስከ ታች ሰደደች። የመጨረሻው ብሩሽ አልታጠበም። ቡናማ ዝቃጭ እያንጠባጠበ ወጣ፤ ደም የነካው ሽበት ተጣብቆበታል።

ሰዎቹን ሁሉ ኩሬው ዳር ሰበሰበች።

«ውሃውን የሚያጠራው ይህ ዝቃጭ ነው፤ ሕይወት አለው። ጋሽ ትሪሞኖ ብሩሹን የሚያጥቡት በኩሬው ውሃ ብቻ ነበር። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ዝቃጩንም ዓሣውንም ይገድላል። ሄንግኪ ይህን ለደንበኛው ሁሉ ይሰብካል። እትዬም የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲተን በርሜል ውስጥ ሳያቆዩ ኩሬው ውስጥ አይጨምሩም። በቧንቧ ያጠበው እንግዲህ ኩሬ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያጠበውም ደም ነው። ባጉስ፣ አየሁ ያልከው ጋሼን አይደለም። ራስህን ነው።»

«ገፋ ብቻ ነው ያደረግኳቸው… ጭንቅላታቸው ሣጥኑን መታ…»

«ሞተው ነበር?»

ባጉስ አንገቱን ደፋ። «ይተነፍሱ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ወደ ውሃው ጎተትኳቸው።»

ሄንግኪ ዞሮ አስታወከ። ዊናርሲህ ካቴናውን ስታስገባ የባጉስ እጆች ሳሙና ሳሙና ሸተቷት። ኩሬው ዳር ያወለቀችውን መሐረብ መልሳ አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ስትዞር እትዬ ሱላስትሪ በዝቃጭ የተለወሰ ክንዷን ይዘው አስቆሟት።

«በኩሬው ታጠቢ፣ ልጄ። ዝቃጩ እዚያው ይመለስለት።»